ወደ ወንዙ ማዶ የተላከው የፖም መጭመቂያ

ዌልስ ሪቨር፣ ቨርሞንት
ኦክቶበር 29 ቀን 2023

ለምወድሽ ልጄ ለኖኤላ፣

እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቆ ተራራው ራቁቱን ቀርቷል። እናንተ ጋ ኒውዚላንድ ግን በጎች የሚወልዱበት ወቅት ነው ስላልሽኝ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እጅሽ በግልገል ተይዞ ይሆናል። ግልገሏን አሳርፊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደ ልማዱ ይነግረኛል እንጂ ሌላ የሚያማርረኝ ነገር የለም። የክረምት ማገዶዬንም ፈልጬ ደርድሬ ጨርሻለሁ።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «አባዬ፣ በሠርጌ ቀን አንተና እማዬ አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ መዋል ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም? ቁርጡን ንገረኝ» ስትይኝ ስለ በጎችሽ ጠየቅሁሽ። እኔ ስልክ ላይ ወሬ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ደግሞም የዚያን ቀን እውነቱን ብናገር መልሴ «አላውቅም» ነበር። ከእናትሽ ጋር አልተጣላንም፤ ብንጣላማ መታረቅም በኖረ። አያትሽን ለማስታመም የወንዙን ድልድይ ተሻገረች፤ አያትሽ ካረፉም በኋላ እዚያው ማዶ ኒው ሃምፕሻየር በቤታቸው ቀረች። እሷ «ልመለስ ወይ» አላለች፣ እኔም «ተመለሺ» አላልኩ፤ ዓመታቱ እንዲሁ ሄዱ። ማዶ ለገበያ በተሻገርኩ ቁጥር በመንገዷ በኩል አልፋለሁ። መኪናዋ ደጅ ቆሞ ካየሁ ደህና ናት ብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህን ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነበር።

መልሴ ትንሽ ዞር ያለ ነው፤ ከፖም መጭመቂያ ነው የሚነሣው።

አንቺ በልጅነትሽ እጀታው ላይ እየተንጠለጠልሽ የምታስቸግሪኝ አሮጌው መጭመቂያችን ባለፈው ወር ብረቱ ተሰነጠቀ። የአዲሱን ዋጋ ብጠይቅ የነገሩኝን ሰምቼ ሱቁን ጥዬ ወጣሁ። ይህን ለጎረቤታችን ለመካኒኩ ለድዋይት ሳጫውተው፣ «ስልክህን ለባትሪ መብራት ብቻ ነው እንዴ የገዛኸው?» አለና በኢንተርኔት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ገበያ አሳየኝ። እውነትም አንድ የፔንስልቬንያ ሰው የአያቱን መጭመቂያ በሦስት መቶ ዶላር አውጥቶታል። በርሜሉ የኦክ እንጨት ነው፣ ብረቱም እንደ ዛሬው ዕቃ ስስ አይደለም። ዓይኔ አረፈበት። «ግዛ» የሚለውን ልነካ ስል ግን ከሥሩ አሥራ ስምንት ዶላር ተጨምሮ አየሁ። የቨርሞንት የሽያጭ ታክስ ነው፣ ከመቶ ስድስት።

ቆሽቴ አረረ።

«ይሄ እኮ አሮጌ ዕቃ ነው» አልኩት ድዋይትን። «የሰውዬው አያት አዲስ ሲገዛው ታክሱን ከፍሎበታል። አንድ ዕቃ ስንት ጊዜ ነው ታክስ የሚከፈልበት?»

«እስኪሰበር ድረስ።»

«አንተ ቅዳሜ ለት ግቢህ ሣር ላይ ዘርግተህ የሸጥክልኝ መጋዝስ? ታክስ ጠየቅኸኝ?»

«እኔ እኮ ጎረቤትህ ነኝ። አንዳንዴ የቤቱን ዕቃ አውጥቶ ለሚሸጥ ሰው ሕጉም ዓይኑን ይጨፍናል። ይሄኛው ግን ትልቅ ገበያ ነው፤ ገበያው ራሱ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባል። አሮጌ ነው፣ አዲስ ነው ብሎ ነገር የለም።» ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ወንዝ ዳር አርጅተህ ታክስ ልትከፍል ነው? ማዶ ኒው ሃምፕሻየር የሽያጭ ታክስ የለም። ማዶ ላኩልኝ በላቸው እንጂ።»

የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ ዕቃውን በዘመዱ አድራሻ ነው የሚያስመጣው። ድዋይት የመኪና ጎማዎቹን ከአማቹ ቤት ይጭናል። የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ሳትቀር የልብስ ማጠቢያዋን ከአክስቷ በረንዳ ነው ያነሣችው።

«ማዶ ሰው የለኝም» አልኩት።

«ሚስት አለችህ አይደል? አልተፋታችሁም።»

«እሷን ተዋት።»

«እኔማ ትቻታለሁ። ሁልጊዜ እየሄድክ መኪናዋን የምታይ አንተ ነህ» አለኝ። ለካ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

እናም የእናትሽን አድራሻ ጻፍኩ። አሥራ ስምንቷ ዶላር ወዲያው ከስልኩ ላይ ጠፋች፤ ደስ አለኝ። ሐሳቤ እሁድ ጠዋት እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ሄጄ ከበረንዳዋ ላይ አንሥቼ ልጠፋ ነበር። ብልጠት መስሎኛል። ያን የሚያህል ሸክም ብቻዬን እንዴት እንደማነሣው እንኳ አላሰብኩም።

እሁድ ስደርስ በረንዳው ባዶ ነው። ተታለልኩ ብዬ ዞሬ ልሄድ ስል በሩ ተከፈተ። ለካ ጉንፋን ይዟት ከቤት አልወጣችም። ሹራብ ደርባ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ደፉ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ዌንደል።»

«ሉሲል።»

«የጠፋብህ ነገር አለ?»

«አንድ ሣጥን ነገር።»

«ስሙ ያንተ፣ አድራሻው የኔ። ያመጡት ሰዎች ለሁለት ተሸክመው ዕቃ ቤት አስገብተውታል። ተሳስቶ ነው ወይስ ስጦታ ነው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።»

አየሽ፣ ስጦታ ነው ብል በተገባኝ። የአባትሽ አፍ ግን እንደዚያ አይሠራም። «ታክስ ሽሽት ነው» አልኳት።

«ስንት ነው ታክሱ?»

«አሥራ ስምንት ዶላር።»

አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ለእኔ ብለህ ያልረገጥከውን ደጅ፣ ለአሥራ ስምንት ዶላር ረገጥከው» አለችኝ።

በቃ፣ በሩ ሊዘጋ ነው፣ ሁለተኛም አይከፈትም ብዬ እግሬን ሳየው፣ ሳቀች። ያ ከሳል ጋር የተቀላቀለ ሳቋ፣ መቆም የማይችለው። እኔም ሳቅሁ። ካፖርቷን ደረበችና ዕቃ ቤቱን ልትከፍትልኝ ቀድማኝ ሄደች።

ፒክአፑን አስጠግቼ፣ ሣጥኑን ከፍተን መጭመቂያውን አይተን፣ ገመድ ማሰር ስጀምር፣ «ወዴት ልትወስደው ነው?» አለችኝ።

«ወደ ቤቴ ነዋ።»

«እንግዲያው ታክሱን ትከፍላለህ።»

እናትሽ ኤፕሪል በመጣ ቁጥር የሁለቱን ዳር ሰው የግብር ወረቀት የምትሞላ ሰው መሆኗን በምን ሰዓት እንደረሳሁት እኔ አላውቅም። «ዕቃውን ድልድዩን አሻግረህ ቨርሞንት ውስጥ ከተጠቀምክበት ያው ከመቶ ስድስት ነው» አለችኝ። «የመጠቀሚያ ታክስ ይባላል። ሻጩ ካልቆረጠው ራስህ አስታውቀህ ትከፍላለህ።»

«ማን ያውቅብኛል?»

«እኔ።»

«ታዲያ ድዋይት ጎማውን እዚህ እያስመጣ እንዴት ነው?»

«ድዋይት ኤፕሪል ላይ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። አንድ ሳንቲም ሳያጎድል ይከፍላል። ለእናንተ አይነግራችሁም እንጂ።»

ያን ጊዜ ድዋይት አጠገቤ ቢኖር ጥሩ ነበር።

«እና ምን ይሻለኛል?» አልኳት።

ወደ ዛፎቹ አየች። የአያትሽ ፖሞች ታውቂያቸው የለ፤ ሣሩ ላይ እንደ ጠጠር ፈሰዋል። «እዚሁ ከተጠቀምክበት ለማንም ምንም የለብህም» አለች፣ እኔን ሳታይ። «ፖሙ እንደሆን ተርብ እየበላው ነው።»

ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ቋጠሮው አልፈታ ቢለኝ የበረደኝ መስሏት ጓንት አመጣችልኝ፤ ብርድ አልነበረም።

እንዲህ ሆነን መጭመቅ ጀመርን። ልማዷ አልለቀቃትም፤ እያንዳንዱን ፖም አጥባ፣ የተነካውን በቢላ ቆርጣ ካላወጣች አታቀብለኝም። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ እንዳለ ነው የምጨምረው። «ትሉንም ልታጠጣኝ ነው?» ስትል፣ «ሥጋ ያስፈልግሻል፣ ከስተሻል» ስላት፣ ሲመሽ ሁለት ትልቅ ማሰሮ ሞላን። በማግስቱም ሄድኩ። ከዚያም በኋላ። ጭማቂው ዘንድሮ ጣፋጭ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይኮመጥጣል። ለድዋይት አንድ ጠርሙስ ወሰድኩለት፤ ስለ ጎማው ታክስ ሳነሣበት ጠርሙሱን ይዞ ጋራዡ ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው ባልዲ ላመጣ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁና ገለጥ አደረግሁት። የአያትሽ መጭመቂያ ነው። ብረቱ ቅባት ተቀብቷል፣ በርሜሉ ላይ የዘንድሮ ፖም ልጣጭ ገና አልደረቀም። ሸራውን መልሼ አለበስኩትና ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ እኔ አላነሣሁባትም፣ እሷም አላነሣችብኝም።

አሁን ፖሙ አልቋል። እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። የእሷን ማገዶ እየፈለጥኩ ነው። አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ምድጃዬ አይገባም እያለች ከመስኮት ትጮህብኛለች። ትላንት እሷ እስክትጠራኝ ድረስ ምሳ መድረሱን አላወቅሁም። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሠርታ ነበር። ስንበላ ብዙም አላወራንም። ደስ ብሎኛል፣ ኖኤላ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። አንድ ክፍል ውስጥ መዋል እንችላለን፤ ስንውል ሰንብተናል። በሠርግሽ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጪን። ስለ ታክስ ስንጨቃጨቅ ብትሰሚ አትደንግጪ።

እጮኛሽን ታማቲን ሰላም በይልኝ። ከሩቅ ያለ አማትህ እጅህን ይጨብጥሃል በይው። እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ፤ ጎጆአችሁ ይሙቅ፤ ቃል ሲጠፋችሁ ሳቅ አይጥፋችሁ። በጎቹም ደህና ይውለዱልሽ።

የምወድሽ አባትሽ፣
ዌንደል

ሳልረሳው፦ መልስሽን በእናትሽ አድራሻ ላኪልኝ። ደብዳቤ እንኳ በዚህም ዳር በዚያም ዳር ታክስ የለበትም።