ጆሮ አፍ የሆነበት ቅዳሜ

ጋምቤላ፣ መጋቢት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውድ ጸጋአብ፣

ለመሆኑ ሰው ወንበር ሲያገኝ ጆሮው ወዴት ይሄዳል? ካምፓስ ሳለን ይህን እየጠየቅን በሌሎች ላይ አብረን እንስቅ ነበር። ዛሬ ብቻዬን እጠይቀዋለሁ። «ውድ» ያልኩህም ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው፤ ብዙ አትደሰት።

ከአዲስ አበባ ከመጡት የቴሌኮም ተቆጣጣሪዎች ጋር አዳራሽ ውስጥ ስትናገር ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ። በኢንተርኔት ስልክ መደወል አገሪቱን ገቢ ያሳጣል አልክ። የዜጋው የመገናኘት መብትም ይከበራል፣ ነገር ግን ከኢኮኖሚ ጥቅም ጋር «ሚዛኑን ጠብቆ» አልክ። ሚዛን፣ ሚዛን፣ ሚዛን። አባቴ ዲማ ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። እዚያ ሚዛኑን የሚይዘው ሁልጊዜ ገዢው ነበር፤ እኛ ቤት «ሚዛናዊ ሰው» ማለት ስድብ ነው። አንተ ግን ላብህን በመሐረብ ጠርገህ፣ ጭብጨባውን እንደ ደመወዝ ተቀብለህ ተቀመጥክ።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያው ጥግ ወዳለችው፣ ሦስት ኮምፒውተር ወዳሏት ኢንተርኔት ቤቴ መጣችሁ። ወንበሩ ላይ የነበረችው ኛጉዋ ናት፤ የደረቀ ዓሣ የምትሸጠዋ። ቅጂው በደረሰኝ ሪፖርትህ «አንዲት ደንበኛ» ብለህ ጽፈሃታል። ማን እንደሆነች ልንገርህ። ልጇ ቱት በዘጠኝ ዓመቱ በጦርነት ሽሽት ተለያት። ከስንት መንከራተት በኋላ ካናዳ ገባ። እናትህ ሞታለች ብለውት አልቅሶ ጨርሷል። እኔ በብዙ ፍለጋ አድራሻውን አግኝቼ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ደብዳቤ ማንም ይጽፋል፤ ድምጿን አሰሙኝ።» የውጭ አገር ስልክ ደግሞ የአንድ ጊዜው ጥሪ የወር ዓሣዋን ይበላል። ስለዚህ በኢንተርኔት ቀጠርኩት። ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር አልልህም፤ አውቅ ነበር።

እናንተ ስትገቡ ቱት መስመር ላይ ነበር። «እናቴ ከሆንሽ ተናገሪ» ሲላት አፏን ከፈተች፤ አንተ ማይኩን ነቀልከው። ሦስቱንም ማይኮች ፌስታል ውስጥ ከትተህ ደረሰኝ ቆረጥክልኝ፦ «ድምፅ ማስተላለፊያ፣ ብዛት ሦስት»። ባልደረባህ ማዳመጫዎቹንም ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ፣ «እሱን ተወው፤ መስማት አልተከለከለም» ብለህ ሳቅክ። የልጇን ነገር ባጭሩ ስነግርህም ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ፣ «ኮከብዬ፣ ስሜታዊ አትሁኚ» አልከኝ።

መስማት አልተከለከለም። እሷም ሰማች፤ ከማዳመጫው የሚሾልከውን እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ልጁ ደጋግሞ ጠራት፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ጠራት። በመጨረሻ በኑዌርኛ «አውቄ ነበር» ብሎ ዘጋው። ከኑዌር ልጆች ጋር ስላደግሁ እኔም ገባኝ። አንተ ያን ጊዜ ፌስታልህን እየቋጠርክ ነበር።

ስትወጡ ኛጉዋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ «ድምፄን መንግሥት ምን ያረገዋል? አይበላ» አለችኝ።

«ይሸጠዋላ» አልኳት።

«እኔ አወጣ፣ እሱ ሸጠ?»

አራት ዓመት የተማርነውን ኢኮኖሚክስ በአራት ቃል ጨረሰችው።

እኔ ሦስት ቀን በንዴት ስብከነከን ከረምኩ። ያስታወስኩት በአራተኛው ቀን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስንሠራ ቃለ መጠይቅ የምንቀዳበት ማይክ ተበላሽቶብን እንደነበር ትዝ ይልሃል? አንተ ማዳመጫውን ማይኩ ቀዳዳ ላይ ሰካህና ተናገርክበት። ቀዳ። «ጆሮና አፍ ሽቧቸው አንድ ነው» ብለህ እንዴት እንደኮራህ! ያንኑ ሳምንት ነው «ሰው ለመናገር ፈቃድ የሚጠይቀው ከራሱ ምላስ ብቻ ነው» ብለህ የጻፍከው። ገጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ቢሮህ ግድግዳ ላይ ከሰቀልከው የምስክር ወረቀት አጠገብ ያምርበታል።

ቱትን ለምኜ ለቀጣዩ ቅዳሜ ቀጠርኩት። አንዱን ማዳመጫ ለኛጉዋ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ሌላውን ማይኩ ቀዳዳ ላይ ሰክቼ አፏ ጋ እንድትይዘው ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና፣ «ጆሮ ነው ይኼ፤ አበድሽ?» አለችኝ። ከዚያ ተናገረችበት። ሰላም እንኳን አላለችውም። በኑዌርኛ፣ «የግራ እግርህ አውራ ጣት ጥፍር አበቀለ?» ብላ ጠየቀችው።

ጆሮዬን ወደ ማዳመጫዋ አስጠጋሁ።

«አላበቀለም፣ እማዬ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርህም፤ ሳንቲሙን ታሰላብኛለህ። አገሪቱ ግን በዚያ ቀን አልከሰረችም፤ ኛጉዋ በስልክ ልትደውል የምትችልበት ገቢ ኖሯት አያውቅምና። ከሌለ ኪስ የሚጠፋ ገቢ በየትኛው ሚዛን ተመዘነ?

ይህን መጻፌ ራሴን መክሰስ መሆኑ አይጠፋኝም። በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ላይ ይነጋገራሉ። መጥተህ ቤቴን ማሸግ ትችላለህ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ማዳመጫዎቹን «ተወው» ያልከው ረስተህ ነው ወይስ አውቀህ? ረስተህ ከሆነ፣ እስካሁን የናቅሁህ ይበቃሃል። አውቀህ ከሆነ ግን የባሰ እንቅሃለሁ፤ በአዳራሽ የምትክደውን በጓዳ የምታምን ሰው ነህና። ቢሆንም ያን ጊዜ የምንነጋገረው ነገር ይኖረናል። መመሪያው እንዲሻሻል አቤቱታ እየጻፍኩ ነው። ኛጉዋ በጣቷ ፈርማለች፣ እኔም ፈርሜያለሁ፤ ከፊርማችን በታች የአንድ ሰው ስም የሚይዝ ቦታ ትቻለሁ።

ቱት እናቱን በድምጿ ለያት። እኔ አዳራሹ ውስጥ አንተን በድምፅህ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ በእጅህ ጽፈህ መልስልኝ፤ ምናልባት ጽሕፈትህን አውቀው እንደሆን።

ኮከብ ይግዛው