በግምገማው ቀን የተቆለፈው ክፍል

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛ ዓመትህ ሊሞላ ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት ከእኔ ጋር ትኖራለች። ወንድሜ አረካ ከተማ መምህር ሆኗል። አሁንም እንዳንተው ነው፣ የሚያቃጥል ዳጣ ካልቀረበለት እህል አይወርድለትም። እኔም እዚያው ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ነኝ። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ሰላምታ ላደርስህ ብቻ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የመንግሥትን የአረጋውያን መኖሪያ የሚገመግም ቡድን ከአዋሳ መጣ። ከዞን እኔ ተመደብኩ። ግቢው ታጥቧል፤ አልጋው ሁሉ አዲስ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ከመጋዘን ሲወጣ የነበረው የእጥፋት ምልክት ገና አልጠፋበትም። ወጥ ቤቱ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። የቡድኑ መሪ ደስ ብሎት “በጣም ጥሩ” እያለ ይጽፋል። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። በስተኋላ ያለች አንዲት ክፍል ደግሞ ተቆልፋለች። ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ቤት ናት ብሎ አሳለፈን።

ከዚያ አዳራሽ ሰብስበዋቸው አስተያየት ስጡ ተባሉ። መሪው ወላይትኛ ስለማያውቅ የመኖሪያው ጸሐፊ አስተርጓሚ ሆነ። ከሁምቦ የመጡ አንዲት ባልቴት ብድግ አሉ። ጎህ ሲቀድ አቶ አንጁሎ የሚባሉ ጎረቤታቸው ማረፋቸውን፣ እንግዳ እስኪሄድ እንዳታለቅሱ መባላቸውን፣ ሬሳው በስተኋላ ባለችው ክፍል ተቆልፎበት መዋሉን በወላይትኛ ተናገሩ። ጸሐፊው ግን እናታችን ለብርድ ልብሱ መንግሥትን እያመሰገኑ ነው ብሎ ተረጎመ። መሪው አጨበጨበ።

ደሜ ፈላ አባዬ። እኛ አገር ሰው ሞቶ ዝም ይባላል? ላንተ እኮ ከተበላ ከተማ ድረስ በእግራቸው መጥተው የለቅሶውን ሜዳ ሞልተውት ነበር። አንተ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንግዳ ሰባኪ ቃል ስትተረጉም ታየኸኝ። ሰባኪው ምእመኑን ሲወቅስ አንዲት ቃል አታለሰልስም ነበር፤ ሰው ባንተ ላይ ይቀየማል፣ አንተ እቤት ገብተህ ትስቃለህ። ተነሣሁ። ባልቴቷ ያሉትን እንዳለ ወደ አማርኛ መለስኩት።

መሪው ቁልፍ አምጡ አለ። በሩ ሲከፈት ባልቴቷ ጮኹ፣ የቀሩትም ተከተሏቸው፤ በምርኩዝ የሚሄዱት ሳይቀሩ ወጥተው ደረታቸውን መቱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ለቅሶ ሰምቼ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግሥቱ ግን ሥራ አስኪያጁ ቀድሞኝ መምሪያው ደርሷል። አሁን ተገምጋሚዋ እኔ ሆኛለሁ፤ ሰኞ እቀርባለሁ። “ጠባብነት” አለባት፣ ለብሔሯ ሰው አድልታ የበላይ አካል ፊት አዋረደችን ብለዋል። ሰው ከሥራ የሚባረረው በዚህ ቃል እንደሆነ ታውቃለህ። እማዬ ይቅርታ ጠይቂ፣ እንጀራሽን አትርገጪ እያለች ትለምነኛለች። እውነቷን ነው፣ የእሷም እንጀራ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ? ሰው ሞቷል በማለቴ አጥፍቻለሁ ልበል? አልልም።

አቶ አንጁሎን የቀበርናቸው እኛው ነን፤ ልጅም ዘመድም አልተገኘላቸውም። ከእንግዲህ ያረፍክበትን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ካንተ ስም ቀጥዬ የእሳቸውን እጠራለሁ፤ ሰኞ የሚሆነው ቢሆን ይህን አልረሳም። አንተም እባክህ፣ እዚያ ሰው የላቸውምና ጠጋ በልላቸው።

ልጅህ አስቴር