ከመንገድ ማዶ ስላለው ሮቶና ከመንገድ ወዲህ ስለሌለው ጀሪካን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኤፍሬም፣
በከተማችን የድርጅቶች የኮሮና መከላከል ድጋፍና ክትትል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ቢሮዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ፈጣሪ ሙቀትዎን ከሠላሳ ሰባት እንዳያሳልፈው፣ ሳልና ማስነጠስን ከደጅዎ እንዲያርቅልዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኛ ስለ እጃችን ከሚደርስብን ወቀሳ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስሜ ማሩ ይባላል፤ መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አይሱዙና ባጃጅ የምጠግን የጋራዥ ባለቤት ነኝ። ካላስታወሱኝ ከሀይሉ ጋራዥ ፊት ለፊት ያለሁት ነኝ ማለት ይበቃል፤ ዘንድሮ ሰው ሁሉ እኔን የሚያገኘኝ በሀይሉ ምልክትነት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት፣ ኮሚቴዎ ለእኛ ለአሠሪዎች የዋለውን ውለታ በፖስታ ከትቶ በድብቅ ማመስገን ነውር ስለመሰለኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ጋራዤ ድረስ መጥተው የእጅ መታጠቢያ እንደሌለኝ፣ ፍልሰታ ሳይገባም ካላሟላሁ በሩ እንደሚታሸግ በራስዎ አንደበት ነግረውኛል። ከዚያ በር እኔና አራት ሠራተኞቼ ከነቤተሰባችን እንበላለን። ነገሩ ይህን ያህል ትልቅ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላድርገው።

፩ኛ፤ ከወልድያ ስለተላከው ድጋፍ። ዕቃውን የጫነው መኪና ሲሪንቃን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ እኔ ፍሬኑ እምቢ ያለ አይሱዙ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ጎረቤቴ ሀይሉ ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ዕቃው በተከፋፈለበት ስብሰባ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ፤ ጥፍሩ እንኳን ነጭ ነበር ይባላል። ኮሚቴዎም በሥራ ላይ ካለው ጋራዠኛና ስብሰባ ላይ ካለው ጋራዠኛ ማን ይበልጥ እንደሚደክም መዝኖ፣ ሀይሉን «ሞዴል አሠሪ» ብሎ መረጠው። ለእሱም በእግር እየተረገጠ ውሃ የሚያወርድ ሰማያዊ ሮቶ፣ በግንባር ላይ የሚደገን ሙቀት መለኪያ፣ ማስክ በካርቶን፣ ሳኒታይዘር በጀሪካን፣ ወደ ውርጌሳ የሚበር ሚኒባስ ሳይቀር ሳይቆም የሚያነበው ባነር ተሰጠው። ፖስተሩማ ስለበዛበት ሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር ለጥፎታል። ለእኔ ግን አንድ ፖስተር አልተረፈም። ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሲፈጸም ያሳዩኝ ግን እርስዎ ነዎት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

፪ኛ፤ ስለ መመሪያው። ዕቃው ባይደርሰኝም «የአሠሪዎች መመሪያ» የሚለው ወረቀት ስለደረሰኝ ቅር አላለኝም። መመሪያው ሠራተኞች ሁለት ሜትር ተራርቀው እንዲሠሩ ያዛል፤ በማግስቱ የአይሱዙ ሞተር ስናወርድ ልንሞክረው አስበን፣ ሞተሩ ከእኛ ወገን አንዱን እንዳይቀንስብን ፈርተን ተውነው። ቀጥሎም የሚቻል ከሆነ ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል ይላል። ዋና ሜካኒኬ አብዱልጀሊል ይህን ባነበብኩለት ጊዜ «ጋሼ ማሩ፣ እኔስ ደስ ይለኛል፤ አይሱዙው ግን በእኛ በር አይገባም፤ አሚናም ብትሆን ምንጣፉ ላይ ዘይት ካንጠባጠበ አትለቀኝም» አለኝ። አሚና ባለቤቱ ናት። የእሷ ፈቃድ እንደተገኘ አስታውቅዎታለሁ።

፫ኛ፤ እዚህ ላይ በወረቀት የማይጻፍ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቀንቻለሁ። ክቡርነትዎ በአክብሮት እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ የቀናሁት በመጠኑ እንዳልሆነ ነው። ጠዋት ጋራዤን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የራሴን በር ሳይሆን የሀይሉን ሮቶ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ የባሰ ያምራል። ባለቤቴ ወይንሸት «በሰው ትዳር የሚቀና አይቻለሁ፣ በሰው መኪና የሚቀና አይቻለሁ፤ በውሃ በርሜል የሚቀና ባል ግን ለእኔ ብቻ ደረሰኝ» እያለች ለጎረቤት ታወራብኛለች። ሀይሉ ፒካፑ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ያስጻፈው ከዓመታት በፊት ነው፤ ጸሎቱ በኮሚቴዎ በኩል ስለተሰማለት እንኳን ደስ አለው። ድሮ ደንበኛ መርሳ ሲደርስ ወይ ወደ እሱ ወይ ወደ እኔ ይታጠፋል፤ ከባነሩ ወዲህ ግን መሪው ሹፌሩን ሳይጠይቅ ወደ እሱ ይታጠፋል። ማን በሽታ ካለበት ጋራዥ ይገባል? «ሞዴል» የሚል ያልተሰቀለበት ቤት ሁሉ ኮሮና ያለበት መስሏል።

ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የምርቃቱ ሪባን ከተቆረጠ ወዲህ ከዚያ ሮቶ ውሃ ሲወርድ አላየሁም፤ ይመኑኝ፣ እንደ እኔ ጊዜ ወስዶ ያየው ሰው የለም። ሀይሉ ሠራተኞቹን «በዚህ ግሪስ እንዳትነኩብኝ፣ ከዞን ጎብኚ ይመጣል» ብሎ ከልክሏቸዋል፤ ፔዳሉም አሁን ድረስ ከነላስቲኩ ነው። ሠራተኞቹ ታዲያ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባጃጅ እስኪያልፍ እየጠበቁ አስፋልቱን ይሻገሩና የሚታጠቡት እኔ ጋ ነው። ከእኔ ዘንድ እጃቸውን ያነጹና ተመልሰው ለሀይሉ ንጹሕ ሠራተኛ ይሆኑለታል። በዚህ ስበሳጭ አብዱልጀሊል «ውሃ አይከለከልም፣ ጋሼ» ይለኛል፤ እውነቱን ስለሆነም ይበልጥ እበሳጫለሁ።

፬ኛ፤ የት ነው የሚታጠቡት ይሉኝ ይሆናል፣ የእጅ መታጠቢያ እንደሌለኝ እርስዎ አረጋግጠዋልና። ነገሩ እንዲህ ነው። አብዱልጀሊል ከእኔ ጋር መሥራት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ፣ ማለትም ኮሮና የሚባለው ነገር ስሙም ሳይታወቅ፣ ከግድግዳው ሥር ባለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ከሶላት በፊት የሚታጠብበት፣ ውዱእ የሚያደርግበት ነው። ግሪስ በውሃ ብቻ ስለማይለቅ መጀመሪያ በናፍጣ፣ ከዚያ በሰጋቱራ፣ ከዚያ በሳሙና ይፈትግና በመጨረሻ ጀሪካኑ ዘንድ ይቀርባል። እሱን ያዩ ሌሎቹም፣ እኔም ጭምር፣ ለምደነው በየምግቡና በየሥራው መሃል እንታጠባለን። ጀሪካኑ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም፤ ውሃ በጠፋ ሰሞን እንኳን በጋሪ አስመጥቶ ይሞላዋል። ስልክ በደወልን ቁጥር «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚለው ድምፅ ሲመጣ አብዱልጀሊል «ይሄ ሰውዬ ዘግይቶ ነው የሰማው» እያለ ይስቅ ነበር።

እርስዎ ግን ለቁጥጥር የመጡ ዕለት ጀሪካኑን በጣትዎ አሳዩንና ምን እንደሆነ ጠየቁ። አብዱልጀሊል ሐቀኛ ሰው ነውና እውነቱን ነገረዎት። እርስዎም ጥቂት አሰብ አድርገው «ይሄማ ለሶላት እንጂ ለኮሮና የተዘጋጀ አይደለም፤ በመስፈርቱ አይያዝም» አሉ። ቫይረሱ ውሃው በምን ሐሳብ እንደተቀዳ ሳያጣራ እንደማይሞት እስከዚያን ቀን ድረስ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት። ዞር ሲሉ የአይሱዙው በር ላይ ተደግፈው ግሪስ ስለነካዎት ግን አሁንም ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በሩን ማጽዳት የእኔ ፋንታ ነበር።

፭ኛ፤ ከዚህ በኋላ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሮቶ አልጠይቅም። እርግጥ እፈልገዋለሁ፣ በሕልሜም መጥቶብኛል፣ ያውም ከሀይሉ የሚበልጥ፤ ግን አልጠይቅም። ባነርም ይቅር። መስፈርቱ ላይ «የእጅ መታጠቢያ» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ያሉትን «አለ» ብለው ያርሙልኝ። በሬ ከታሸገ ሀይሉ በአንድ ጀምበር የመንገዱ ብቸኛ ጋራዥ ይሆናል፤ እኔ ብቀና እንደምንም እችለዋለሁ፣ አራቱ ሠራተኞቼ ግን ቅናቴን አይበሉትም። አብዱልጀሊልን እነ ሀይሉ ገና ከአሁኑ «ና እኔ ጋ» እያሉት ነው። እሱ ከሄደ ጀሪካኑም ይሄዳል፤ ያኔ «የለም» ያሉት እውነት ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ለከተማችን ጤና ሲሉ የሚያጡት እንቅልፍ በእጥፍ እንዲመለስልዎ፣ በስብሰባ የሚቀመጡባቸው ወንበሮች ሁሉ ሁለት ሁለት ሜትር እንዲራራቁልዎ፣ እርስዎ የጎበኙት ቤት ሁሉ እንደ ሀይሉ ቤት እንዲያምርልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ፣ በሕግ በማይታወቅ ውሃ የታጠበ እጄን ከሩቁ እያውለበለብኩ እሰናበትዎታለሁ።

ከሀይሉ ጋራዥ ፊት ለፊት የሚገኘው፣
በእርስዎ ቸርነት ሞዴል ከመሆን የተረፈው፣
ምቀኛው ማሩ
መርሳ፣ ሐምሌ ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ የዚያን ዕለት በግሪስ በተነካ እጅዎ እስክሪብቶ መያዝ ስላልቻሉ አብዱልጀሊል ናፍጣና ሰጋቱራ አቅርቦ፣ ሳሙና ሰጥቶ፣ ጀሪካኑን ከፍቶ ያስታጠበዎትን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። «የለም» ብለው የጻፉት እጅዎ ገና ሳይደርቅ ነው። ታዲያ ሲታጠቡ ከጣትዎ አውልቀው ቸርኬው ላይ ያኖሩትን የጋብቻ ቀለበትዎን ረስተውት ሄደዋል። እኔ ልያዝልዎት ብል አብዱልጀሊል «አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ከባለቤቱ በቀር ለማንም አልሰጥም» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅምና እኔም አልተከራከርኩም። መጥተው ይውሰዱት። ለእመቤቲቱ «ስታጠብ ረስቼው ነው» ቢሏቸው የት እንደታጠቡ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሀይሉ ጋ ነው እንዳይሉ የእሱ ፔዳል ከነላስቲኩ ነው፣ እኔ ጋ ነው እንዳይሉ ደግሞ መታጠቢያ የለኝም። ብቻ ከሚያሽጉት ሰዎች ቀድመው ይድረሱ፤ በሩ ከታሸገ በኋላ ቀለበቱም ከእኛው ጋር ታሽጎ ይቀራል።