አስራ አራት መጠይቅ በአንድ እስክሪብቶ

ለክቡር አቶ አያሌው
የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የቦርድ ሰብሳቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ

የተከበሩ ጋሽ አያሌው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ ተሽሎት የትምህርት ቤቱን ደረጃ ያለ ከዘራ ለመውጣት እንደበቁ ተስፋ አደርጋለሁ። ወይዘሮ ካሰችን ጨምሮ መላው የቦርድ አባላት በጤናና በስምምነት እንደምትገኙም አልጠራጠርም፤ በተለይ ስምምነታችሁን በጽሑፍ አይቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለወላጆችም ሁሉ የላክሁት፣ ስልኬን ካነሱልኝ ስድስት ሳምንት ስላለፈ ነው። ወላጆች እንዲያውቁት ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። በሳይኮሎጂ ተመርቄ ዓመት አልሞላኝም፤ እስካለፈው ወር ድረስም ትንንሾቹን ፊደል አስተምር ነበር። በልጆች ላይ ከሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ጋር እንደሚያያዙ በጥናት የታዩ የባሕርይ ዝንባሌዎችን የሚለካ መጠይቅ ወደ አማርኛ መለስኩ። ከልጆች ጋር የሚሠሩት አስራ አራት በጎ ፈቃደኞች ስማቸውን ሳይጽፉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲሞሉት ቦርዱን ጠየቅሁ፤ ቦርዱም ፈቀደልኝ። መጠይቁ ስሜትን ለመግዛት ስለመቸገር፣ ስለ ብቸኝነት፣ ከትልቅ ሰው ይልቅ ልጅ ይረዳኛል ስለሚል ስሜት፣ ጥፋትን ስለሚያቃልል አስተሳሰብ ይጠይቃል። ወንጀለኛ ለይቶ አያወጣም፤ ብቸኛ ሰው ሁሉ አደገኛ አይደለም። የት ላይ ጥንቃቄና ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ግን ይጠቁማል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. ለትብብራችሁ አመሰግናለሁ። ወረቀቶቹ ከቅዳሜ ምሳ በኋላ አስራ አራቱም ተሞልተው፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ወደ ግራ ዘንበል እንዳሉ ተመለሱልኝ። ነገሩ ግር ብሎኝ ወይዘሮ ካሰችን ብጠይቃቸው፣ «የኔ ልጅ፣ እንዳይለያይብሽ ብለን ተመካክረን ሞላንልሽ እኮ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር፤ ወጥ ያለበት ሳህንም ጨምረው ሰጡኝ።

፪. ለንጽሕናችሁ። «በሕይወቴ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም» የሚለው ዐረፍተ ነገር የገባው፣ ሰው ራሱን ምን ያህል እያሳመረ እንደሚመልስ ለማየት ነው። አስራ አራቱም «ትክክል» ይላሉ። «ብቸኝነት ይሰማኛል» ለሚለውም አስራ አራቱም «በጭራሽ»። እነዚህ ሰዎች የት እንደሚኖሩ ቢነግሩኝ እዚያ አፓርትመንት እፈልግ ነበር፤ በሬድ ላይን ባቡር ስመላለስ አንዳቸውንም አላየኋቸውም።

፫. ለራስዎ መለኪያ። ይህንኑ ለቦርዱ ስብሰባ ባቀርብ «የሰው ልጅ በወረቀት አይለካም፤ እኔ የማን ልጅ እንደሆነ ካወቅሁ ይበቃኛል» ሲሉ ሁሉም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከምመላለስ በቀጥታ እርስዎ ዘንድ መምጣት ነበረብኝ። ለማንኛውም አባቱን የሚያውቁት ሰው ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ፣ አባቱ በእርስዎ የማይታወቅ ምስኪንም ስንት እንደሚቀነስበት ቢገልጹልን ለሳይንስ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።

፬. ለሰጣችሁኝ ዕረፍት። ክፍሌን «ትንሽ አረፍ በይ» ብላችሁ ስትወስዱብኝ ቅዳሜን እንዴት እንደማሳልፈው አላሰባችሁልኝም እንጂ ዕረፍቱስ ሞልቷል። ግሮሰሪ ስገባ የማውቃቸው ሰዎች የሽሮ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥሞና ማንበብ ይጀምራሉ። እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ያለችውን እናቴን ኮል አድርገው «ልጅሽ ነገር ይዛብን መጣች፣ ምከሪያት» ስላሏት፣ መከረችኝ። «ሰው ያልነገረሽን ለምን ትጠይቂያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል ስለ አየሩ ነው የምናወራው። በነገራችን ላይ መጠይቁን እኔም ለብቻዬ፣ በራሴ እስክሪብቶ ሞልቼዋለሁ፤ በብቸኝነት ክፍሉ ላይ ሙሉ ነጥብ አምጥቻለሁ። የቀድሞ ተማሪያችሁም ስለሆንኩ ውጤቴን ብትሰሙ ደስ ይላችኋል ብዬ ነው።

የፊታችን እሑድ ቦርዱ «የነጃትን ጉዳይ መዝጋት» በሚል አጀንዳ እንደሚሰበሰብ ሰምቻለሁ። ከመዝጋታችሁ በፊት የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ወረቀቱ እንደገና ይሞላ፤ ያለ ምሳ፣ ያለ ምክክር፣ እያንዳንዱ ለብቻው፤ በፖስታ ታሽጎም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ጀርባው ላይ ምስጢር ጠብቆ የሚያማክር ባለሙያ ስልክ ቁጥር ይታተምበት። እስከዚያውም ማንም ትልቅ ሰው በተዘጋ በር ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥ፤ እኔንም ጨምሮ፣ አባቱን የምታውቁትንም ጨምሮ።

ክፍሌን ባትመልሱልኝ እንኳ ይህን ብታደርጉ፣ ግሮሰሪ ውስጥ እኔም አብሬያችሁ የሽሮ ማሸጊያ እያነበብኩ ለመኖር ቃል እገባለሁ።

አባትነትዎን፣ የቦርዱን የማይናወጥ አንድ ቃልና የሰማያዊውን እስክሪብቶ ጽናት ዘወትር የማከብር፣
የቀድሞ የፊደል አስተማሪያችሁ
ነጃት ጀላልዲን

ማስታወሻ፦ ከአስራ አራቱ አንዱ ወረቀት መጀመሪያ የተሞላው በእርሳስ ነበር። ባለቤቱ እንደተባለው ለብቻው ሞልቶት መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ምሳ ላይ «እንዳይለያይ» ተብሎ በላጲስ ጠፍቶ በሰማያዊው ተተካ። ላጲሱ ጎበዝ ነው። ተራ ቁጥር አስራ ዘጠኝ ላይ ግን እርሳሱ ስለተጫነ ወረቀቱን ወደ መስኮት ሲያዞሩት ይነበባል። ጥያቄው «አደርገው ይሆን ብዬ የምፈራው ሐሳብ አለኝ፤ የሚሰማኝ ባገኝ እናገር ነበር» ይላል። በእርሳስ የተሰጠው መልስ «አዎ» ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ቅዳሜ ልጆቻችሁን ስታደርሱ እሱም እንደ ሌሎቹ በር ላይ ቆሞ ይቀበላችኋል፤ «እንዴት ነህ?» ስትሉትም፣ አሁን ትክክለኛውን መልስ ስላስተማራችሁት፣ «ደህና ነኝ» ይላችኋል።