የአማቴ ግድግዳ

መጋቢት 4

ሙቀት። ሌላ ምን ይጻፋል? ከቀትር በኋላ የስፌት መኪናው ብረት አላስነካ አለ። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትለካ ገብታ «እቴ፣ ይሄ ቤት ነው ምድጃ?» ብላኝ ሳትለካ ወጣች። እውነቷን ነው። ባሌ አዳ ኩማሲ ከተማ ድረስ ሄዶ፣ ሠርቶ፣ ያቆመልኝ የብሎኬት ቤት... ጣሪያው ቆርቆሮ። ሲመረቅ ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። ካጨበጨቡት አንዱ እንኳ ውስጡ አላደረም።

ማታ ልጃችን ዌፒያ ትራሷን አንጠልጥላ አያቷ ጋ ሄደች። የአማቴ ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም ጭቃ ነው። ቀዝቃዛ። ባሌ ተበሳጨ። «ልጄ የቆርቆሮ ቤት እያላት ጭቃ ውስጥ ትተኛለች?» ትተኛለቻ! ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ እኔም እከተላት ነበር።

መጋቢት 11

አማቴ ለቅሶ ሄደዋል፣ ወንድማቸው አገር። አዳ ከቤታችን የተረፈውን ሲሚንቶ አውጥቶ የእናቱን ግድግዳ በውጭ በኩል ሲለስን ዋለ። ግድግዳው ላይ የነበረው ጥቁርና ቀይ ሥዕል፣ የሰፈሩ ሴቶች በጠጠር አሽተው አሽተው ያወጡት፣ ከሥር ቀረ።

«ኧረ መጀመሪያ አክስትህን ጠይቅ» አልኩት። ግድግዳ የሚያቆም ወንድ ነው፤ ልስኑ ግን አክስቱ የሚመሯቸው ሴቶች ነው። ወንድ እጁን አይከትበትም።

«ለእናቴ እኮ ነው! ዕድሜ ልኳን እበት ስትለቀልቅ ልትኖር ነው?»

እያፏጨ ነበር የሚሠራው። ደስታው አሳዘነኝ።

መጋቢት 15

አማቴ ተመለሱ። በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ፦ «ማን ሞቶ ነው ቤቴን የገነዛችሁት?»

«እማ፣ ስጦታ ነው...»

«አየሁት» ብለው ገቡ።

አዳ እራቱን አልነካም። የማሽላ ገንፎውን ከነባሚያው ለዶሮዎቹ ደፋሁት። በሁለቱም ተናደድኩ።

ሚያዝያ 3

የማንጎ ዝናብ፣ ያ ከዋናው ቀድሞ የሚጥለው፣ ያለወትሮው ጠንክሮ መጣ። ደስ አለኝ። ቢያንስ ቆርቆሮው በረደ።

ሚያዝያ 5

ደስታዬን በላሁት። የአማቴ ግድግዳ አብጧል። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በውስጥ በኩል እግሩ ሥር ርጥብ ነው። ግንበኛው አፒዩ ከመንገድ ተጠርቶ አየው። «ጭቃ ይጠጣል፣ መልሶ ያልበዋል። ላቡን ደፈናችሁበት። ዋናው ዝናብ እንዲህ ሆኖ ካገኘው ይወድቃል።»

ይወድቃል... ማን ላይ? ዌፒያን ወዲያው ወደ ቤት አመጣኋት። አማቴ ግን እምቢ። «እናንተ ቆርቆሮ ሥር ትንፋሼ ይቆማል» አሉ። ውሸት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት እኛ ቤት ጋደም ብለው ደረታቸው ታፍኖ ተሸክመን ነው ያወጣናቸው። «መሞቴ ካልቀረ በቤቴ።»

ፈራሁ። ምን ይደረጋል?

ሚያዝያ 7

አዳ በመዶሻ ሲሚንቶውን ሲያረግፍ ዋለ። የሴቶቹም ልስን ተጣብቆ አብሮ ረገፈ። ግድግዳው ራቁቱን ቀረ፤ እንዲህ ሆኖ አንድ ዝናብ አይችልም።

አመሻሽ ላይ አክስቱ ካዱዋ ጋ ሄደ፤ የለሳኞቹ አለቃ እሳቸው ናቸው። እንዴት ሄደ? ቆሞ! ገንዘቡን በእጁ ይዞ! የቀን ሠራተኛ የሚቀጥር ነው የመሰለው። ጅግራና ትንባሆ ተይዞ፣ መሬት ተቀምጦ እንደሚለመን አያውቅም? ያውቃል። ኩማሲ አስረሳው።

«ሲሚንቶን ጥራው፣ እሱ ይለስንልህ» አሉት።

ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግድግዳው ታየኝና ጠፋ።

ሚያዝያ 8

ምሥራቁ ጠቁሯል።

ጠዋት ስወጣ አዳ ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እበትና አፈር ይረግጣል። እበቱን ከበረቱ በአናቱ ተሸክሞ ነው ያመጣው፤ አረንጓዴው በጆሮው ላይ ወርዷል። ወንድ ሆኖ! ሰፈሩ አጥር ላይ ተደረደረ። «አዳ፣ ቀሚስ እናውስህ?» ይሉታል። ቀና አላለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንጋይ ያነሳ ነበር።

አክስቱም መጡ። ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ከጉድጓዱ ወጣ። እፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ከነእበቱ። «አክስቴ፣ አጥፍቻለሁ። ጅግራ የለኝም፣ ፈልጌ ሳላገኝ ደመናው መጣብኝ። ዝናቡ ከቀደመኝ ግድግዳው ይወድቃል፤ እናቴ እንደሆነ ከቤቷ አትወጣም።»

እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው ጉድጓዱን አዩ።

«ውሃ አብዝተህበታል። ይሄ አጥሚት ነው።» ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቆጥራል... ሴቶቹ ከየቤቱ ፈለቁ። እኔም ገባሁ፤ ትከሻዬ አሁንም ይነዝረኛል። እየለሰኑ ስሙን እያነሱ በዘፈን ሰደቡት። «የሲሚንቶ ሙሽራ» አሉት። አዳ ውሃ ያመላልሳል፣ ይሰደባል። አማቴ ኩርሲያቸው ላይ ተቀምጠው «እዚያ ጋ ሳሳ፣ ድገሙት» ይላሉ። ደመናው አልፎ ሄደ። እፎይ!

ሚያዝያ 12

ልስኑ ደርቋል። ዛሬ ሥዕሉ ተሣለ፣ በጠጠርም ታሸ። ዳዋዳዋ የሚባለው ዛፍ የፍሬው ቅርፊት የተቀቀለበትን ቀይ ውሃ በመጥረጊያ ረጨንበት፣ ዝናብ እንዳይልጠው። አዳ ሁለት ጅግራ ይዞ አክስቱ ጋ ሄደ። አንደኛዋ ከሲታ ናት ብለው መለሱለት። ሌላ ፈልጎ ወሰደ።

ሚያዝያ 16

ዋናው ዝናብ መጣ። ገና ከሰዓት ነበር፣ ሰማዩ ግን ድቅድቅ አለ። ነፋሱ ቆርቆሯችንን አንድ ጥግ ገነጠለው። አዳ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ እናቱ ቤት ሮጦ ገባ። እኔ ዌፒያን አቅፌ ከእኛ በር ላይ የነሱን ግድግዳ አያለሁ። ውሃው ሥዕሉ ላይ ይወርዳል፣ ይወርዳል... ግድግዳው ግን ቆሟል። ጸለይኩ መሰለኝ።

ሲያባራ ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። አማቴ በር ላይ ቆመዋል፣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ውስጥ አዳ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተኝቷል። አፉ ተከፍቷል። ያንኮራፋል።

«ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ ብሎ ግድግዳውን በጀርባው ደገፈልኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ሞኝ! ግድግዳው ነው እሱን ደግፎ ያስተኛው።»

አልቀሰቀስነውም። ዌፒያ አጠገቡ ተኛች። እኔም የስፌት መኪናዬን ነገ ወደዚህ አመጣለሁ ስላቸው፣ አማቴ የትኛው ጥግ እንደሚሻለኝ አሳዩኝ።