አርብ አርብ የሚከፈተው ጠርሙስ

ሰኔ 14፣ 1975
ዛሬም ከይፋግ የመጣ የሩዝ ዘር ስቆጥር ዋልሁ። ከመቶው ስንቱ በቀለ፣ ስንቱ ቀረ… ሦስት ወር ሙሉ ይኸው ነው። አራት ዓመት የተማርሁት ለዚህ ነው? ክረምቱ ደግሞ ገባ። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ወረቀቱን አልፈስፍሶት ብዕር አልይዝ ብሏል።
ከሰዓት በኋላ ጓድ ስቶያን ጠራኝ፤ ቡልጋሪያዊው የጣቢያችን አማካሪ። ለሕክምና አገሩ ሊሄድ ነው፣ እስከ ጥቅምት አይመለስም። ሁለት ኪሎ የፒፓ ትምባሆ አለው። የአባቱ የመጨረሻ ምርት ነው አለኝ። አባትየው ዓምና ሞተዋል። እዚህ እስካለ፣ ሁለት ዓመት ሊያቆየው ይፈልጋል።
«አንተ ዘር ታውቃለህ። ትምባሆም ጠብቅ» በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ስመለስ ደህና ከሆነ ለሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»
ሶፊያ! ሁለተኛ ዲግሪ! ከዚህ ቆጠራ መውጫዬ!

ሰኔ 16
ሁለት ትልልቅ የማርማላታ ጠርሙሶች ቀቅዬ አደረቅሁ። ትምባሆውን ጠቅጥቄ ሞላሁ። ክዳናቸው ጎማ አለው። ስቶያን አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ጨለማ ቦታ። ቀዝቃዛ። አትክፈት። እርጥብ አየር ከገባ ሻጋታ ገባ።» እሺ አልሁት። ለምን ብዬ እከፍተዋለሁ? አላጨስ…
የቢሮው ጣሪያ ስለሚያፈስ አንዱን ብቻ እዚያ ተውሁ። ሌላውን ቤት ወሰድሁ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል።

ሰኔ 20
ጉድ ፈላ። አከራዬ እሜቴ ወለተ ሩፋኤል ጠርሙሱን አልጋዬ ሥር አዩት። የመሪጌታ ሚስት የነበሩ ናቸው። ዓምና አንድ ተከራይ ሲጋራ ቢያጨስ ከነአልጋው አስወጥተው ክፍሉን ጠበል አስረጭተዋል።
«ይህ ምንድን ነው?»
«የዘር… የዘር ናሙና ነው እሜቴ።»
«በክረምት ዘር መሬት ላይ ይቀመጣል? አንተ ልጅ፣ ምኑን ነው የተማርኸው!»
በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው፣ አገልግል ውስጥ ከትተው፣ ራሳቸው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከመሪጌታ የብራና መጽሐፍ ጎን! «መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ይህን መጽሐፍ ክረምት ክረምት አልከፍተውም። ክረምት የተከፈተ ብራና ይሻግታል። ያንተንም መስከረም ይጥባና ታየዋለህ።»
እሳቸውና ስቶያን ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ተናገሩ። እኔ ግን… ትምባሆ ከብራናው ጎን። እግዚኦ።

ሰኔ 23
የጣቢያው ኃላፊ ጓድ አካሉ ስለ ቢሮው ጠርሙስ ሰምቷል። አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። «የወንድም አገር ንብረት በግለሰብ እጅ አይቀመጥም።» አምስት አባላት ያሉት የትምባሆ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊው እኔ። አርብ አርብ ተከፍቶ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በሰም ይታሸጋል።
«ጓድ፣ መክፈቱ ራሱ እኮ ነው የሚያበላሸው» አልሁ።
«ሳይከፈት ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?»
ሁሉም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሁለተኛው ጠርሙስ ትንፍሽ አላልሁም።

ሰኔ 24
ቃለ ጉባኤ ቁጥር 1። ተከፈተ፣ ታየ፣ ደህና ነው። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሐምሌ 8
ናሙና መውሰድ ተጀመረ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ አስማማው በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «ለምርመራ ነው» አለ። እያሳለ ነው የመረመረው። ጓድ አካሉም ፒፓ አምጥቷል። ከየት? እንጃ። ክብደቱ ቀነሰ፤ «በመድረቁ ምክንያት» ብዬ ጻፍሁ። በዚህ ዝናብ!

ሐምሌ 22
ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ጸጉር አለው።
«ሻጋታ ነው» አልሁ።
«ሻጋታ የሚል ቃል ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም» አለ ጓድ አካሉ።
አንድ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ የጸደቀው፦ «በጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ለውጥ ታይቷል፤ ለውጡም በማደግ ላይ ነው።»
ፈረምሁ። ለምን ፈረምሁ?

ነሐሴ 13
አስማማው ፀሐይ ይምታው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ግቢው ውስጥ አሰጣነው። ኮሚቴው ሻይ ሊጠጣ ገባ… ዝናብ። ያው አንስተን ከነውኃው መለስነው። ሽታውን እንዲያጠፋ የሎሚ ልጣጭ ተጨመረ። ታይፒስቷ እሌኒ ቃለ ጉባኤውን ስትመታ ሳቋ ገንፍሎ ሁለት ወረቀት አበላሸች። «አምሐ፣ ሚጥሚጣስ አይጨመርም?» አለችኝ።

መስከረም 19፣ 1976
ቢሮው ሁሉ እንደ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። አሁን ማንም ናሙና አይወስድም። ከስብሰባው በኋላ ጓድ አካሉ አስቀረኝ።
«ከቃለ ጉባኤው ሥር የማን ፊርማ ነው ያለው?»
«የጸሐፊው… የኔ።»
«የወንድም አገር ንብረት ሲበላሽ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»
ፋይሉን ዘጋሁ።
«አሻጥር ይባላል፣ ጓድ አምሐ።»
በዚህ ቃል የሄደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

ጥቅምት 12
ነገ ስቶያን ይመጣል። የቤቱ ጠርሙስ የግድ መውረድ አለበት። እሜቴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠበቅኋቸው። ሰርቄ ላውርደው አስቤም ነበር… አልቻልሁም።
«እሜቴ፣ ያ የሰቀሉት ነገር ዘር አይደለም።»
«ታዲያ?»
«ትምባሆ ነው።»
ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩ።
«ከመሪጌታ መጽሐፍ ጎን?»
«አዎ።»
«እኔው በእጄ ሰቀልሁት?»
ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «አውርደው። እኔ አልነካውም። እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ ጓሮ ካለው ጎተራ አስቀምጥልህ ይሆን ነበር። አላስቀምጥልህም ይሆን ነበር። አልጠየቅኸኝም።» ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፦ «እስከ ኅዳር ጽዮን ቤት ፈልግ።»

ጥቅምት 13
ጠረጴዛው ቀይ ጨርቅ ለብሷል። የቤቴን ጠርሙስ አቀረብሁ። ጓድ አካሉ አየው፣ አየኝ፣ አንድም ቃል አልጠየቀም። ስቶያን ከፍቶ አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልሻገተም፣ አልደረቀም። «የአባቴ ማሳ» አለ። ጭብጨባ። ጓድ አካሉ ስለ ኮሚቴው ትጋት ሃያ ደቂቃ ተናገረ።
ስቶያን ጨዋ ነው፣ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ፦ «ሁለተኛውስ?»
ጓድ አካሉ ለአስማማው በአገጩ ጠቆመው።
አስማማው ሄዶ ያንን ጉድ ይዞ መጣ። ስቶያን ሲከፍተው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፊቱ ጠቆረ። የቃለ ጉባኤውን ፋይል አንስቶ ተርጉምልኝ አለኝ። ተረጎምሁ። ተከፈተ… ተከፈተ… ተከፈተ… አሥራ ሰባት ጊዜ። እየሰማ ሲሄድ ፊቱ እየበራ መጣ!
«አንዱ ዝግ፣ አንዱ በየሳምንቱ ክፍት። ማነጻጸሪያ! በሐይቅ ዳር አየር! ጥናት ነው የሠራችሁት!»
«ዕቅዱ ይኸው ነበር» አለ ጓድ አካሉ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።
ስቶያን ወደ እኔ ዞረ። «እውነት?»
ጓድ አካሉ ያችን «አሻጥር» የምትል ቃል በዓይኑ አስታወሰኝ።
«እውነት» አልሁ።

ጥቅምት 24
ስቶያን ቃሉን ጠበቀ፤ ደብዳቤውን ጻፈ። «ለጥናቱ መሪ» ይላል። ጓድ አካሉ ለአንድ ዓመት ሶፊያ ይሄዳል፤ የዕቃ አቀማመጥ ሊማር። ዕቃ አቀማመጥ!
እውነቱን ብናገር ኖሮ ደብዳቤው የኔ ይሆን ነበር? ወይስ እስር ቤት? አንድም ቀን ፈሪ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 20
ዕቃዬን ወደ አዲሱ ክፍል አጓጓዝሁ። እሜቴ ደጅ ድረስ ወጡ። «ይቅናህ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እጃቸውን ለመሳም ጎንበስ ስል አልሰጡኝም።

ሐምሌ 13፣ 1976
ጥናቱ ተስፋፍቷል። አርባ ጠርሙስ የይፋግ ሩዝ፤ ለመጪው ዓመት የተያዘ መጠባበቂያ ዘር። ከሶፊያ የጓድ አካሉ መመሪያ ደርሶናል፦ ሁሉም አርብ አርብ ይከፈት።
ሩዝ አይጨስም። የኮሚቴው አባላት መምጣት ካቆሙ ቆዩ። አስማማው የዓመቱን ቃለ ጉባኤ በባዶው አስቀድሞ ፈርሞልኛል። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው።
ዛሬ ሲዘንብ ዋለ። መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አርባውን ጠርሙስ በዓይኔ ቆጠርሁ። ከዚያ ቆልፌ ቢሮ ገባሁና ጻፍሁ።
ቃለ ጉባኤ ቁጥር 31። ተከፈተ፣ ታየ፣ ደህና ነው።
አልተከፈተም። ደህና ነው።