በሹክሹክታ ለሚያዘፍነው ትምህርት ቤት

ለተከበሩ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጆሮዎ እንዴት ከርሟል? የልጆች ዘፈን በግድግዳ በኩል ሲመጣበት የሚታመም ስስ ጆሮ እንዳለዎት ስለሰማሁ፣ ከሌላው አካልዎ ይልቅ ስለ እሱ ነው የምጨነቀው።

እኔ በድምፅ ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ተማሪ አያት ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር፣ መዳፏን ከጆሮዋ ጀርባ አድርጋ የተቀመጠችው አሮጊት እኔ ነበርኩ፤ ባያስታውሱኝም አልቀየምም። ያን ቀን አንድ ልብስ ሰፊ አባት ተነሥቶ፣ ልጄ በሦስት ዓመት ውስጥ መድረክ ላይ የወጣችው ወንበር ልታነሳ ብቻ ነው ሲልዎ፣ እርስዎ ሰዓትዎን አየት አድርገው፣ ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ አሉ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወጣ። ከመካከላችን መጻፍ የማንችል ብዙ መሆናችንን አስልተው ከሆነ፣ ስሌቱ ደህና ነበር። ነገር ግን እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ያስቆጠረችኝም ያችው የልጅ ልጄ ናት፤ የቤት ሥራዬን በቀይ እስክሪብቶ እያረመች፣ ስሳሳት እየሳቀችብኝ። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ዕድሉን ስለሰጡኝም አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ በኮሪደሩ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ። ዘግይቶ ማንበብ የለመደ ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ሳያነብ አያልፍምና፣ ትምህርት ቤትዎ ስገባ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። «ስብሰባ ስላለ ጸጥታ ይከበር» ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት፤ ሐኪም ቤት የገባሁ መስሎኝም ወደ በሩ ተመልሼ ሰሌዳውን አየሁ። ስብሰባው የአንድ ቀን ነው ብዬ ነበር፣ ይኸው ሦስት ዓመቱን ያዘ። ምን ቢወያዩ ነው የማያልቀው ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ ስለ ትምህርት ጥራት ነው አለኝ። እግዜር ያስጨርስዎ።

ሁለተኛ፤ የድምፅ ክፍሉን ከቢሮዎ የሚለየው አንዲት ስስ የችፑድ ግድግዳ ናት። ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ እርስዎ በእስክሪብቶ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ኳ ኳ ሲል መምህራቸው ይደነግጣሉ። መምህሩ ምን ያድርጉ? የልጆች አባት ናቸው፣ እንጀራቸው ነው። አንድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በሌላው እጃቸው ምት ያሳያሉ፤ ሠላሳ ልጅም በሹክሹክታ ይዘፍናል። በላይኛው ፎቅ ዳንሰኞቹ በካልሲ ይጨፍራሉ። የቲያትር ተማሪዎቹ ልቅሶ ሲለማመዱ እንባቸውን በዝምታ ያወርዳሉ፤ ይህስ እውነተኛ ልቅሶ ሳይሆን አይቀርም። አዳራሽ አለ እንዳይሉኝ፣ አዳራሹ የእንግዳ ነው፤ ወንበሮቹም እስከ ዛሬ ከነላስቲካቸው ናቸው። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ክፍል «የዓሣ ክፍል» ብለውታል፤ አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም።

ሦስተኛ ብዬ ስለ ፈተና ልጽፍ ነበር። የልጅ ልጄ በዘፈን ዘጠና አራት አምጥታለች፤ ፈተናው በጽሑፍ ነበር። ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ልተወው፤ እጄ ቸኮለብኝ፣ መቀመጥም አቃተኝ፣ ይህችን ገጽ ስጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርቻለሁ። ማሽኖቹ ጆሮዬን በልተውታል፤ ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን አይቼ ነው የምመልሰው። ይህችን ልጅ ግን፣ እናቷ ርቃ ስለምትሠራ እኔ ጋ ያደገችውን፣ በአምስት ዓመቷ የግቢው በር ላይ ቆማ ስትዘፍን ጓዳ ሆኜ እሰማት ነበር። ጎረቤቶቼ ኧረ ይቺን ልጅ አንድ በያት እያሉ ሲመጡብኝ፣ የምሰማው እነሱን ሳይሆን እሷን ነበር። እርስዎ ዘንድ ያስመዘገብኩት ያንን ድምፅ ነው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የከተማው ቲያትር ቤት ለኅብረ ዝማሬ ቡድኑ ድምፃውያን ሲመርጥ አብሬያት ሄድኩ። ስሟ ተጠራ፣ ወጣች፣ አፏን ከፈተች። ምንም አልሰማሁም። የተለመደው ጆሮዬ ነው ብዬ አጠገቤ ወዳለችው ሴት ዞር ብል፣ እሷም አንገቷን አስግጋለች። መራጩ፣ ልጄ ጮክ በይ አላት፤ ሦስት ጊዜ አላት። ከፍ ልትል ስትል ጉሮሮዋ በራሱ ይዘጋል፤ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ኳ ኳ ሊል ነው ብላ። መራጩ ደግ ሰው ሆኖ፣ ድምፅ ያላት ይመስለኛል፣ ፈልጋው በወሩ ትምጣ አለኝ። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል።

ቤት ትለማመድ እንዳይሉኝ፣ ቤትም የምታወራው ሹክ እያለች ነው። ምሳ ቀርቧል ስትለኝ አልሰማትም። አሁን አንድ ጣራ ሥር ተቀምጠን በወረቀት እንጻጻፋለን። ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነበር ለካ።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። ለአሥራ ስምንት ቀን አዳራሹን ይክፈቱላቸው። እሱ ከከበደዎ ስብሰባውን ወደዚያ ይውሰዱት፤ ላስቲኩ ሳይነሣም መቀመጥ ይቻላል።

የከበረ ጸጥታዎን በብዕሬ ጫጫታ ስለደፈርኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጆሮዎ ዕረፍትን፣ ለስብሰባዎም ፍጻሜን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዓሣ ክፍል ተማሪ አያት፣
ከሽመና ክፍል ጡረተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ እስከ ሰኞ ካልደረሰኝ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልክ ስብሰባዎ ሲጀመር፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ከመንገዱ ማዶ ዱካዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ልብስ ሰፊው አባትና ሌሎቹ ወላጆች ማንም ገብቶ እንዳያስቆማት ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ። የልጅ ልጄ ከክፍሏ ሆና ትዘፍናለች፤ እርስዎም እንደ ልብዎ ያንኳኩ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እኔ እስክሰማት ድረስ እንዳታቆም በወረቀት ጽፌላታለሁ። የጆሮዬን ነገር ደግሞ ነግሬዎታለሁ።